ከብስክሌቱ በፊት መንገዱን ማንበብ

«ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ስንት ነው?»

አንድ ማታ በክፍላችን ይህን ጥያቄ አነሣን። ትምህርቱ የቁጥር ትምህርት ነበር። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የመጣን ሦስት ተማሪዎች ነን። የምናስተምራቸው ደግሞ ቀን ሲያርሱና ሲኮተኩቱ ውለው ማታ ፊደል የሚቆጥሩ እናቶችና አባቶች ናቸው።

አንድ ጐልማሳ እጁን አውጥቶ «110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው» አለ። የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ወጣት «የለም፣ ሦስት ሰዓት ነው» አለ። በቅሎ እየነዱ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ አንድ አዛውንት ግን ትንሽ አሰቡና «በበጋ ከነጭነቱ አራት ቀን ነው። በክረምት ጭቃው ያውቃል» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

ሦስቱም ልክ ናቸው። አንዱ መንገዱን በኪሎ ሜትር ለካው። አንዱ በሞተር ለካው። አንዱ በእግሩና በበቅሎው ለካው። እኛ አስተማሪዎች ግን ያን ማታ በሰሌዳው ላይ የጻፍነው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከመካከላችን አንዱ ሊሞት ነበር። ነገሩ እንዴት እንደሆነ፣ ከዚያም ምን እንደተማርን ቀጥለን እንነግራችኋለን። ነገሩ የብስክሌት ነገር ነው።

ብስክሌት ምን ይጠቅማል?

ብስክሌት ሁለት ጎማ ያለው፣ በሰው ጉልበት የሚሄድ መጓጓዣ ነው። ከተሜው «ሳይክል» ይለዋል። ነጂው ፔዳሉን በእግሩ ሲረግጥ ካቴናው ይዞራል። ካቴናው ደግሞ የኋላውን ጎማ ያዞራል። ሥራው ይኸው ነው።

ብስክሌት ቤንዚን አይጠጣም። ገብስና ገለባም አይጠይቅም። ጤነኛ ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚያው ድካም በሜዳ ላይ በብስክሌት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሜዳ ከሆነ የሦስት ሰዓት መንገድ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል ማለት ነው።

ለወለጋ ገበሬ ሌላም ጥቅም አለው። በዴዴሳ ቆላ ገንዲ የሚባል የከብት በሽታ አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው ጸጸ የምትባል ዝንብ ናት። ስንቱ በሬ፣ ስንቱ በቅሎ በገንዲ አልቋል! ብስክሌትን ግን ገንዲ አይዘውም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቅሎ ገደል ስታይ ትቆማለች። ብስክሌት አይቆምም። የሚያስበው ነጂው ነው።

ብስክሌት ከየት መጣ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ካርል ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ ሁለት የእንጨት ጎማዎችን በአንድ አግዳሚ እንጨት አገናኘ። ፔዳል አልነበረውም። ነጂው በላዩ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1860ዎቹ በፈረንሣይ አገር ፔዳል ተጨመረለት። በ1885 ጆን ስታርሊ የሚባል እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሊሆኑ ምንም ያህል ያልቀራቸው፣ በካቴና የሚዞር ብስክሌት ሠራ። ዛሬ በነቀምቴ መንገድ የምታዩት ብስክሌት ከዚያ ብዙ አልተለየም።

ያን ጊዜ ጎማው ድፍን ስለነበረ አጥንት ያናጋ ነበር። በ1888 በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም በውስጡ አየር የሚሞላ ጎማ አወጣ። ከዚያ በኋላ በብስክሌት ሩቅ መሄድ ቀለለ።

በአገራችንም ብስክሌት ታሪክ አለው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ወደ ሜልቦርን ከተማ ከላከቻቸው መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የትግራይ ተወላጅ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሣይ አገር በሚካሄደው ታላቅ የብስክሌት ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ውድድር 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚነዳው በ21 ቀን ነው። ባሕር ዳርን ያየ ሰው ደግሞ በዚያ ከተማ ብስክሌት ምን ያህል እንደተለመደ ያውቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ወለጋ ግን ሜዳ አይደለም። እኛ የሳትነውም ይህንኑ ነው።

እኛ የሠራነው ስሕተት

የዕረፍት ቀን ደረሰ። ሦስታችን ብስክሌት ነበረን። አንዱ ብስክሌት የራሳችን ነው፤ ሁለቱን ተውሰን ነው። ለምን ጊምቢ ደርሰን አገር አናይም ተባባልን። ወረቀት አወጣንና ሒሳብ ሠራን። 110 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ሲካፈል ከ7 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ከጧቱ 1 ሰዓት ብንነሣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ጊምቢ ቡና እንጠጣለን አልን።

ያ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩት አዛውንት ይህን ሰሙ። ወደ ማደሪያችን መጡና እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ መሄዱስ ደግ ነው። ግን ውኃ የት ትጠጣላችሁ? ፀሐዩ የት ያገኛችኋል? ዴዴሳ መውረድ አለ። መውረድ ካለ መውጣት አለ።»

«አባባ፣ እርስዎ የሚሉት እኮ በበቅሎ ነው። ይህ ብስክሌት ነው» አልናቸው።

«ብስክሌቱ ቁልቁለት አያውቅም?» አሉና ብስክሌቶቹን ዞር ዞር ብለው አዩ። የአንዱን ፍሬን ላስቲክ በጣታቸው ነኩ። «ይቺ ያለቀች አይደለችም?» አሉ። ምንም አይል ብለን ዝም አሰኘናቸው።

በማግሥቱ ተነሣን። ከነቀምቴ ወጥተን ዲጋን እስክናልፍ ድረስ መንገዱ ወጣ ገባ ይላል፤ ግን ደስ ይላል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የቡናው ጥላ፣ የበቆሎው ማሳ፣ ሰላም የሚሉን ልጆች፣ ሁሉ ነገር ሠርግ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ዴዴሳ የሚወስደው ቁልቁለት ጀመረ። ፔዳል መርገጥ ቀረ። ነፋሱ ጆሮአችን ላይ ያፏጭ ጀመር። «እንዲህ ከሆነማ ከ9 ሰዓትም በፊት እንደርሳለን» ብለን ተጯጯህን።

ከመካከላችን አንዱ ያን ላስቲኩ ያለቀ ብስክሌት ይዟል። ኩርባው ላይ ሲደርስ የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። ሽቦው ተበጠሰ። የኋላውን ጨበጠ። ላስቲኩ አልቆ ብረት ብረቱን ይፍቅ ጀመር እንጂ አልያዘለትም። ከታች ደግሞ የተጫነ መኪና ጡሩምባ እየነፋ ይወጣል። ጓደኛችን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መኪናው ወይም የመንገዱ ዳር። ወደ ዳሩ ጠመዘዘው። ቦዩ ውስጥ ሣር ነበረ። እሱ በአንድ በኩል፣ ብስክሌቱ በሌላ በኩል ወደቁ።

ሮጠን ደረስን። ክንዱና መዳፉ ተልጦ ደም ይፈሳል። ጭንቅላቱ ግን ደህና ነው። ሣሩ ባይኖር፣ ወይም በሣሩ ፋንታ ድንጋይ ቢኖር፣ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሁለት ሆነን ነበር።

የአንዳችንን ሸሚዝ ቀደን ቁስሉን አሰርን። የብስክሌቱ ቸርኬ ተጣሟል። እየገፋን ወደ ድልድዩ ወረድን። ቆላው ይጋረፋል። እያንዳንዳችን የያዝነው አንድ ሊትር ውኃ ነበር፤ እሱም አለቀ። ከወንዙ እንዳንጠጣ ፈራን። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ይጠብቀናል። ብስክሌቶቻችን ማርሽ የላቸውም። በእግራችን እየሄድን ገፋናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከመንገዱ ግማሽ ብዙም አላለፍንም ነበር። አንድ ገበሬ ቤት የመሸበት እንግዳ ሆነን ገባን። ውኃ አፍልተው፣ ቡና አፍልተው፣ ያላቸውን አቅርበው አሳደሩን።

በማግሥቱ ቁስለኛው ጓደኛችን በመኪና ተሳፈረ። እኛ ሁለታችን እየነዳንም፣ እየገፋንም ከቀትር በኋላ ጊምቢ ደረስን። ቁስሉን አሳጥበን፣ ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ተመለስን። በ7 ሰዓት ተኩል ያልነው መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ።

ስንመለስ አዛውንቱ አልሳቁብንም። «ደግ ነው፤ ተመልሳችኋል» ብቻ አሉ።

ቁልቁለት ለምን ይገድላል?

ነገሩን ኋላ ቁጭ ብለን አሰብነው። ሒሳባችን ማካፈሉ ልክ ነበር። ያልገባው ቁጥር ግን ነበረ። እሱም የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ ነው።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ጊምቢ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ሁለቱን ብቻ ያየ ሰው «ያው እኩል ናቸው፤ መንገዱ ሜዳ ነው» ሊል ይችላል። በመካከል ያለው የዴዴሳ ሸለቆ ግን ከሁለቱም በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ መንገደኛው በመጀመሪያ ይወርዳል፤ ኋላ የወረደውን መልሶ ይወጣል።

ዳገት እንዲህ ይለካል። 100 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 10 ሜትር ከፍ ካሉ፣ ያ ዳገት «ከመቶ 10» ይባላል። በእንዲህ ያለ ዳገት አንድ ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው 100 ሜትር ያህል ወጣ ማለት ነው። 100 ሜትር ማለት ሦስት ረጃጅም ባሕር ዛፍ አንዱን በአንዱ ላይ እንደ መቀጠል ነው። ያን ሁሉ ራሱንና ብስክሌቱን ተሸክሞ ይወጣል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አይደክምም። የማይደክም ነገር ያዘናጋል። የብስክሌት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። በ5 ሜትር ይቆም የነበረ ብስክሌት 20 ሜትር ይፈልጋል። ፍሬኑ የሚይዘው ላስቲኩ ቸርኬውን ሲጫን ነው። ላስቲኩ ሲፋተግ ይሞቃል፣ ያልቃል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት መቆም ያስፈልጋል። ፍጥነት ሳይመጣ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጎ መያዝ ነው። የፊቱን ብቻ ድንገት የጨበጠ ሰው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። በረጅም ቁልቁለት ላይ በየመካከሉ ቆሞ ቸርኬውንና ላስቲኩን ማሳረፍ ይገባል። የማይታመን ፍሬን ያለው ሰው ግን ወርዶ ይግፋ። መግፋት ነውር አይደለም።

እንግሊዞች ዳገታቸውን ጻፉት

በብስክሌት አገር ማየት በጣም ከተለመደባቸው አገሮች አንዱ እንግሊዝ ነው። የገጠሩ መሬት በብዙ ቦታ ዝቅተኛና ለስላሳ ነው። ኮረብታው እንደ እኛ ተራራ አይደለም። መንደሩ ከመንደር ብዙ አይርቅም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቁጥቋጦ አጥር አለ። ሰው ቅዳሜና እሑድ ብስክሌቱን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል።

ታዲያ እንዲህ ባለ ለስላሳ አገር እንኳ ቁልቁለት ሰው ይጥል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1878 በብስክሌት አገር የሚያዩ ሰዎች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። እንዲህ ያሉ የብስክሌት ነጂዎች ማኅበራት በ1880ዎቹ በአደገኛ ኮረብታዎች አናት ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች አቆሙ። ማንበብ የሚችል ነጂ ሰሌዳውን ሲያይ ወርዶ ይገፋ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ማንበብ የማይችል ሰው በዚያ ሰሌዳ አጠገብ ሲያልፍ ምን ይጠቀማል?

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የመንገድ መጻሕፍት ታተሙ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከከተማ እስከ ከተማ ያለው ርቀት ብቻ አልተጻፈም። ዳገቱና ቁልቁለቱ እንደ ተራራ ጥላ በመስመር ተሥሎ ይታይ ነበር። ነጂው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የት እንደሚደክም ያውቃል።

ከዚያም ወዲህ ሌላ ብልሃት አመጡ። ባቡር ከባድ ስለሆነ ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋው ኮረብታውን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን እየሞሉ ነው። በብሪስቶልና በባዝ ከተሞች መካከል ሥራ ያቆመ አንድ የባቡር መስመር ነበረ። በ1977 በብሪስቶል የተቋቋመ የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ይህን መስመር የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ለማድረግ ተነሣ። በ1979 ሥራው ተጀመረ፤ በ1986 አለቀ። መንገዱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳገቱ ለስላሳ ስለሆነ ሽማግሌም ሕፃንም ይነዳበታል።

እኛ በወለጋ አሮጌ የባቡር መስመር የለንም። ሰሌዳ መትከልና መንገድን መጻፍ ግን እንችላለን።

ከነቀምቴ የሚወጡ መንገዶች

ነቀምቴ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ትላልቆቹ ወንዞች ከሥሯ ናቸው። ስለሆነም ከነቀምቴ የሚወጣ ሰው በአብዛኛው ይወርዳል፤ ሲመለስ ይወጣል። ድካሙ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጉልበቱን በጧት ይጨርሳል።

ወደ ምሥራቅ፦ ይህ የአዲስ አበባ መንገድ ነው። ጉቴን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሲሬ ይደርሳል። ከዚያ አኖን አልፎ ባኮ ይገባል። ባኮ ከነቀምቴ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 1,650 ሜትር ነው። በየመካከሉ ከተማ ስላለ ውኃና ማደሪያ አይጠፋም። ለጀማሪ ከአራቱ የሚሻለው ይህ ነው። ግን መኪና ይበዛበታልና ቀኝ ዳርን መያዝ ነው።

ወደ ደቡብ፦ ይህ መንገድ በጌተማ በኩል አርጆ ይወጣል። አርጆ ከነቀምቴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነቀምቴም ይልቅ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ከአርጆ ወዲያ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ይወርድና እንደገና ወደ በደሌ ይወጣል።

ወደ ሰሜን፦ ይህ ወደ አንገር ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ይደርሳል። ሙቀት አለ። ወባም አለ። ቆላ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ።

ወደ ምዕራብ፦ ይህ እኛ የወደቅንበት የጊምቢ መንገድ ነው። ከጊምቢ ወዲያ አንዱ መንገድ ወደ ነጆና ወደ መንዲ፣ ሌላው ወደ ደምቢ ዶሎ ይሄዳል። ይህን መንገድ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ለጊምቢ ሁለት ቀን ይመድብ።

የመንገድ ወረቀት አጻጻፍ

ከተመለስን በኋላ አዛውንቱን «አባባ፣ መንገዱን ይንገሩንና እንጻፈው» አልናቸው። እሺ አሉ። በኦሮምኛ ነገሩን፤ እኛም በኦሮምኛና በአማርኛ ጻፍነው። ምንጩ የት እንዳለ፣ በቅሎ የት እንደምታርፍ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር፣ ጥላ ያለው ዛፍ የት እንደሆነ አንድ በአንድ ያውቃሉ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ያላነበብነውን መንገድ እሳቸው ያለ ፊደል አንብበውታል።

የመኪና ረዳት የነበረው ወጣት ደግሞ ጠመዝማዛዎቹን ጨመረ። ነቀምቴ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት እናት «ያ ምንጭ የሚጠጣው ከከብቱ ማጠጫ በላይ ነው፤ ከታች ያለው አይጠጣም» ብላ አረመችን። በመጨረሻ አዛውንቱ ጠመኔውን ተቀብለው «ከዚህ ውረድና ግፋ» የሚለውን መስመር በገዛ እጃቸው ጻፉ። እጃቸው ተንቀጥቅጧል፤ ፊደሉ ግን ይነበባል።

ሰው የሚያውቀውን መንገድ በቃሉ ቢይዘው ለራሱ ነው። ቢጽፈው ግን መንገዱን ረግጦት ለማያውቅ ሰው ይሆናል። እናንተም እንዲህ ጻፉ።

1ኛ. ርቀቱን ለኩ። የብስክሌቱን ጎማ ዙሪያ በገመድ ለኩት። የትልቅ ሰው ብስክሌት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። 500 ጊዜ ሲዞር 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ ማለት ነው። በመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋይ ካለ ቁጥሩን አንብቡ።

2ኛ. ዳገቱን ለኩ። ቀጥ ያለ የ1 ሜትር እንጨት ውሰዱ። አንዱን ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት አስነኩት። በእንጨቱ ላይ ውኃ በግማሽ የተሞላ ጠርሙስ አጋድማችሁ አስቀምጡ፤ ውኃው እኩል እስኪሆን ድረስ ሌላውን ጫፍ ከፍ አድርጉ። ከዚያ ከጫፉ እስከ መሬቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ ከመቶ 10 ነው። በእኛ ልምድ ከመቶ 3 በታች ያለው እንደ ሜዳ ይነዳል። ከመቶ 8 በላይ ከሆነ ግን ወርዶ መግፋት ይሻላል።

3ኛ. ውኃውን፣ ጥላውንና ማደሪያውን ጻፉ። ውኃው የሚጠጣ ነው ወይስ የማይጠጣ? ብላችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ።

4ኛ. አደጋውን በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ኩርባ፣ ቦይ፣ ድልድይ፣ ከብት የሚሻገርበት ቦታ አይቅር።

5ኛ. ሰዓቱን ጻፉ። ለመሄጃ አንድ፣ ለመመለሻ አንድ። ሁለቱ እኩል አይሆኑም።

ከመነሣት በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ የመንገዱ ሰላም ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ መንገድ በየጊዜው ተዘግቷል፤ ሰውም ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። ከወዲያ በኩል የመጣ ሰው ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

ሁለተኛው ብስክሌቱ ነው። የፍሬን ላስቲክና ሽቦ ይታይ። ጎማው ይነፋ። ካቴናው ዘይት ይቀባ። ማስቲሽ፣ የጎማ መለጠፊያና መንፊያ ይያዝ። ጭነት ከኋላ በደንብ ይታሰር፤ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ጭነት የያዘ ብስክሌት በቁልቁለት ቶሎ አይቆምም።

ሦስተኛው ሰውዬው ነው። ውኃ፣ ጥቂት ቆሎ፣ ባርኔጣ ይያዝ። የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለቤተሰቡ ይንገር።

እኛ ዛሬም ብስክሌት እንነዳለን። ጓደኛችን መዳፉ ላይ ጠባሳ አለ። አሁን ግን ከመነሣታችን በፊት ወረቀቱን እናነባለን፤ በወረቀቱ ላይ የሌለ መንገድ ከሆነ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን። «ቁልቁለቱስ?» ብለን ነው የምንጀምረው።

ጥያቄዎች

1. ሦስቱ ሰዎች ለአንዱ ጥያቄ ሦስት መልስ የሰጡት ለምንድን ነው?
2. አስተማሪዎቹ በሒሳባቸው ውስጥ ያላስገቡት ምን ነበር?
3. በቅሎና ብስክሌት በምን ይለያያሉ?
4. ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ስንት እጥፍ ይሆናል?
5. ነቀምቴ ከፍታ ላይ መሆኗ ለሚመለስ መንገደኛ ምን ያመጣበታል?
6. የአንድ ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ቢሆን፣ ጎማው 1,500 ጊዜ ሲዞር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

የሥራ ልምምድ

ከቤታችሁ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ በወረቀት ጻፉ። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ውኃውንና አደጋውን አታስቀሩ። የጻፋችሁትን ለጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ የቀረ ነገር ካለ ይንገራችሁና ጨምሩበት። ከመንደራችሁ ቁልቁለት አናት ላይ ደግሞ በሳንቃ ላይ በትልልቅ ፊደል ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁ ትከሉ።